ከሰልባጅ የሚተርፈው ብር የት ነው ያለው?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሰልባጅ ተራ ዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው ንግዱ ቀላል ይመስላል። ጃኬቱ በ300 ብር ተገዛ፤ በ750 ተሸጠ፤ 450 ተረፈ። በዚህ ስሌት ስንቱ ወጣት ዕቁብ የወጣለትን ገንዘብ፣ ስንቷ እህት ከአረብ አገር ለፍታ ያመጣችውን ጥሪት ልብስ ላይ አውላዋለች። ከወራት በኋላ ቤታቸው የሚቀረው ግን በማዳበሪያ የታጨቀ ልብስ ነው። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ቁጭ ብሎ ሒሳቡን ያስረዳቸው ሰው ስለሌለ ነው። ይህ ጽሑፍ ለእነሱ ነው።

እስኪ እስክሪብቶና ወረቀት ያዙ። የምጠቅሳቸው ዋጋዎች ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የዛሬውን የገበያ ዋጋ እናንተ ተኩበት።

አንድ ጀማሪ በ12,000 ብር 40 ጃኬት ገዛ እንበል። አንዱ በ300 ብር መሆኑ ነው። ቤቱ ወስዶ በብርሃን ሲያያቸው 6ቱ ለሽያጭ አይሆኑም። አንዱ ብብቱ ተቀዷል፣ አንዱን የማይለቅ ቀለም ነክቶታል፣ የሌላው ገበር አልቋል። የቀሩትን 34 ለማሳጠብ፣ ለማስተኮስ፣ ዚፕ ለማስቀየርና ለጭነት 1,600 ብር አወጣ። ጠቅላላው 13,600 ብር ሆነ። ይህን ለ34 አካፍሉት፤ 400 ብር ይመጣል። የአንዱ ጃኬት እውነተኛ መግዣ 300 ሳይሆን 400 ነው ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። «በ300 የገዛሁትን በ380 ሸጬ 80 አተረፍኩ» ይላል። የወደቁትን 6 ጃኬቶችና የእጥበቱን ወጪ ማን ሊከፍላቸው ነው? የተሸጡት ናቸው የሚከፍሏቸው።

አሁን ወደ ሽያጩ እንለፍ። 34ቱ ጃኬቶች እኩል አይደሉም። 10ሩ ቆንጆዎች ናቸው፤ በ750 ሂሳብ 7,500 ብር ያመጣሉ። 14ቱ ደህና የሚባሉ ናቸው፤ በ500 ሂሳብ 7,000 ብር። የቀሩት 10 ቀለማቸው ያልማረከ ወይም ልካቸው ለሰው የማይሆን ነው፤ በ300 ቢሄዱ 3,000 ብር። ለመሸጫ ቦታ፣ ለምሳና ለትራንስፖርት ደግሞ 900 ብር ወጣ። ወጪው በሙሉ ሲደመር 14,500 ነው። ገቢው 17,500። ትርፉ 3,000 ብር።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቆንጆዎቹና ደህናዎቹ 24 ጃኬቶች ተሸጠው ያመጡት ስንት ነው? 14,500 ብር። ልክ ወጪውን። 24 ጃኬት የሸጠ፣ ገበያው የደራለት፣ ሰው እየተሻማ ሲገዛው የሰነበተ ነጋዴ ገና አንድ ሳንቲም አላተረፈም። ትርፉ በሙሉ ያለው ማንም ባልፈለጋቸው በ10ሩ ጃኬቶች ውስጥ ነው።

ይህን ነገር የተረዳ ሰው ንግዱን ተረድቷል እላለሁ። ያልተረዳ ግን ሁለት ጉድጓድ ይጠብቀዋል።

አንደኛው፣ መጀመሪያ የገባውን ገንዘብ እንደ ትርፍ መቁጠር ነው። ቆንጆዎቹ በሁለትና በሦስት ቀን ያልቃሉ። እጅ ላይ 7,500 ብር ይገባል። ያኔ ለቤት አስቤዛ ይወጣል፣ ለወንድም ብድር ይሰጣል፣ ጫማ ይገዛል። ያ ብር ግን የራሱ የነጋዴው ዋና ገንዘብ ነው። ተመልሶ እየመጣ ነው እንጂ አልወለደም።

ሁለተኛው ደግሞ «ከመግዣዬ በታች አልሰጥም» ማለት ነው። የመጨረሻዎቹን 10 ጃኬቶች ገዢ መጥቶ 300 ሲል፣ 400 ያወጡ ናቸውና ልብ እሺ አይልም። ይታጠፋሉ፤ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባሉ። እዚያ የተቀመጠው ግን ትርፉ ነው። ዋናው ገንዘብ በ24ቱ ተመልሷል። ከዚያ በኋላ የሚገባው እያንዳንዱ ብር፣ 300ም ይሁን 200፣ ትርፍ ነው። ነጋዴው ላለመክሰር ብሎ ትርፉን ቆልፎበታል።

ጊዜም ዋጋ አለው። 10ሩ በ300 እስኪሸጡ አዲስ ዕቃ ሳይገዛ ሁለት ወር ቢጠብቅ፣ በሁለት ወር 3,000 ብር አተረፈ ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ በ200 ቢለቃቸው ግን ትርፉ 2,000 ይሆንና ገንዘቡ ነፃ ይወጣል። በዚያው ገንዘብ እንደገና ይገዛል። በየሁለት ሳምንቱ እንዲህ እያደረገ በሁለት ወር አራት ጊዜ ቢያዞረው 8,000 ብር ነው። ዙሩ ሁሉ እኩል አይቀናም፤ አንዳንዱ ግዢ ይከፋል። ቢሆንም ልዩነቱ ይታያችኋል። በርካሽ የሚለቅ ሰው ከቆጣቢው ይበልጥ ሊያተርፍ ይችላል።

ስለዚህ ዋጋ የመቀነሻውን ቀን ከግዢው ዕለት ጀምሮ መወሰን ይሻላል። በገበያ መካከል፣ ከገዢ ጋር እልህ ውስጥ ተገብቶ የሚወሰን ነገር አይደለም። ደብተር ላይ «እስከዚህ ሰኞ 500፣ ከዚያ 400፣ ከዚያ ለተገኘው» ብሎ መጻፍ በቂ ነው።

በጭራሽ የማይሸጠውስ? እሱም ብር አለው። ንጹሕ ጥጥ የሆነ ቲሸርት ተቆራርጦ ለጋራዥ መጥረጊያ ይሆናል። ሰው ሠራሽ የሆነው ፖሊስተር ግን እንደ ጥጥ አይመጥምና መካኒክ አይፈልገውም። ዚፕና ቁልፍ ተፈቶ ለልብስ ሰፊ ይሸጣል። ሰፊ የአዋቂ ሱሪ ጎበዝ ሰፊ ካገኘ የልጅ ሱሪ ይወጣዋል። የቀረው ለትራስ መሙያ ወይም ለወለል መወልወያ ነው።

አሁን ወሎን ከሌላው አገር የሚለየው ነገር ላይ ደርሰናል። መልክዓ ምድሩ ራሱ የንግድ ዕድል ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ስትወርዱ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ከዚያ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ስትቀጥሉ ባቲ 1,500 ሜትር ላይ ትገኛለች። በአንድ ጠዋት ከጉም ወጥቶ ቆላ የሚገባበት አገር ነው። ደሴ ላይ በሐምሌ ሰው የሚሻማበት ወፍራም ጃኬት ባቲ ላይ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ባቲ ላይ የሚፈለገው ስስ ሸሚዝ፣ ሽርጥና ነጠላ ጫማ ነው።

ብልህ ነጋዴ ይህን ይጠቀምበታል። ቆላ ገበያ ላይ ከሌላ ልብስ ጋር ተደባልቆ የመጣ የሱፍ ኮት ርካሽ ነው፤ ሻጩ ራሱ ሸክሙ እንዲቀንስለት ይፈልጋል። ያ ኮት ደሴ ሲወጣ ዋጋው ይነሳል። ወደ ጉጉፍቱና ወደ ደላንታ ደጋ ሲሄድ ደግሞ የበለጠ። በተቃራኒው ደሴ ላይ የቆመ ስስ ልብስ ወደ ባቲ ይወርዳል። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ስለሆነ ብዛት ያለው ዕቃ ያነሳል። ላሊበላ ደግሞ ገበያዋ ቅዳሜ ነው። አንድ ልብስ አንድ ከተማ ላይ አልሸጥ ካለ ልብሱ ሳይሆን ቦታው ሊሆን ይችላል የተበላሸው። ዋጋ ከመስበራችሁ በፊት ቦታ ቀይሩ። ለዚያ ግን የመኪናው ሒሳብ ይደመር፤ ለሦስት ጃኬት ብሎ ባቲ መውረድ አያዋጣም።

ወቅቱም እንዲሁ ነው። ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ የሚኖረው ምርት ከገባ በኋላ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ገጠር ቀመስ ገበያዎች ይሞቃሉ። ሰርጉም ያኔ ነው። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም የተማሪ ጃኬት፣ ቦርሳና ጫማ ይፈለጋል። ወሎ ላይ ደግሞ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም በዓል እኩል ይደምቃል። ፋሲካና ገና አሉ፤ ኢድ አል ፈጥርና አረፋ አሉ። የሂጅራው ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያንሳልና ኢድ በየዓመቱ ቀደም ብሎ ይመጣል። ስለዚህ «አምና በዚህ ወር ሸጫለሁ» ብሎ ማከማቸት ያሳስታል። ለበዓል ሰው አዲስ ነገር ነው የሚሻው፤ ሰልባጅም ቢሆን አዲስ የሚመስለውን፣ ተተኩሶ የተሰቀለውን። የተጨማደደ ክምር ለበዓል አይሸጥም።

ምርጫ ላይ ብዙ ሰው የሚያየው ማርኩን ነው። እኔ መጀመሪያ ብብቱን እዩ እላለሁ። ከዚያ አንገትጌውን፣ ከዚያ የሱሪ ከሆነ መቀመጫውንና በጭኖቹ መሃል ያለውን። ልብስ የሚያልቀው እዚያ ነው። ገልብጡት፤ ስፌቱን በሁለት እጅ ሳብ አድርጉ። ዚፑን ከላይ እስከ ታች አመላልሱት። በአምፖል ብርሃን ስር ጥቁርና ሰማያዊ አይለይም፤ እድፍም ይደበቃል፤ ወደ ፀሐይ አውጡት። አሽትቱት። የሻጋታ ሽታ አንድ ጊዜ ከገባ በአንድ እጥበት አይወጣም።

ጨርቁ ምን እንደሆነ ጽሑፉ ከጠፋ ከስፌቱ ውስጥ አንድ ክር መዝዛችሁ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር ይቀልጥና ደርቆ ጠጣር ፍሬ ይሆናል። ለደጋ ገበያ ሱፍ፣ ለቆላ ጥጥ፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ከማርክ አዳኙ በላይ ያተርፋል።

ጫማ ላይ የበለጠ ተጠንቀቁ። ጫማውን ጎንበስ አድርጋችሁ እጠፉት። ማስቲሹ ከደረቀ ሶሉ ከላይኛው ቆዳ ሲላቀቅ ይታያል፤ ይህ ይሰፋል፣ ይለጠፋል። የማይድነው ሌላ ነው። ፖሊዩሬታን ከሚባል ነገር የተሠራ ሶል ዕድሜና እርጥበት ሲያገኘው ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ላዩ አዲስ ነው፤ ሰው አላደረገውም። ገዢው ሁለት ቀን ሲሄድበት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። በጥፍራችሁ ተጫኑት፤ ስርጉድ ብሎ ካልተመለሰ ወይም ዱቄት ካወጣ ተዉት።

ንጽሕናውንም ቸል አትበሉ። በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ስፌት ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ ቅማልና ቅጫም እንዳይሻገር ያደርጋል። የውስጥ ልብስ ደግሞ ጨርሶ አትግዙ፤ አትሽጡ። ልጇን ለምታለብስ እናት ነው የምንሸጠው።

ይህ ሁሉ ልብስ ከየት ይመጣል? አሜሪካና አውሮፓ ሰዎች የሰለቻቸውን ልብስ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይሰጣሉ። ከነዚህ አንዱ ጉድዊል ነው፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ ተጀመረ። ድርጅቶቹ በሱቆቻቸው በርካሽ ይሸጡታል፤ ገቢው ለሥራቸው ይውላል። እዚያም አገር ከነዚያ ሱቆች ጥሩ ጥሩውን መርጦ በኢንተርኔት አትርፎ የሚሸጥ ብዙ ሰው አለ። ሱቅ ላይ ያልተነሳው በመለያ መጋዘኖች ይደረደራል፣ በማሽን ተጠቅጥቆ ቦንዳ ይሆናል፣ መርከብ ይጫናል። በምሥራቅ አፍሪካ የተለመደው ቦንዳ 45 ኪሎ ግራም ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው እንግዲህ ብዙ እጅ ቀድሞ የመረጠው ነው። ቦንዳ ሲፈታ ሁሉም የማያምርበት ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሕጉን በግልጽ መናገር አለብኝ። ኢትዮጵያ ልባሽ ጨርቅን ለንግድ ማስገባት ከልክላለች። በሕጋዊ መንገድ ቀረጥ ተከፍሎበት የገባ ቦንዳ የለም ማለት ነው። የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ያዝኳቸው ብሎ ከሚዘረዝራቸው የኮንትሮባንድ ዕቃዎች ውስጥ ልባሽ ጨርቅ ሁልጊዜ አለ። ከጅቡቲ ወገን የሚመጣው በአፋር በኩል፣ በሚሌና በባቲ መንገድ ያልፋል፤ ኬላዎቹም እዚያው ናቸው። የሚያስጠይቀው ማስገባት ብቻ አይደለም፤ ማጓጓዝና ማከማቸትም ያስጠይቃል። ዕቃው ይወረሳል፤ እስርና መቀጫም አለው።

ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም። አንድ አገር የራሱን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሳደግ ሲፈልግ በኪሎ የሚሸጥ ልባሽ ይፎካከረዋል። ኮምቦልቻ ውስጥ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቋል። ሩዋንዳም በ2016 እ.ኤ.አ. በልባሽ ልብስ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ በኪሎ ከ0.20 ዶላር ወደ 2.50 ዶላር ያሳደገችው በዚሁ ሐሳብ ነው። በሌላ በኩል አዲስ ጃኬት የመግዛት አቅም የሌለው ሰው ብርዱን በምን ይለፍ? ይህም እውነት ነው። ሁለቱም እውነት በአንድ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ለጀማሪ የምመክረው ግን ቁርጥ ያለ ነው። የዕቁብ ገንዘባችሁን ቦንዳ ላይ አታውሉ። ቦንዳ ደረሰኝ የለውም። ውስጡ ሳይታይ ይገዛል። ኬላ ላይ ከተያዘ ዋናው ገንዘብ በአንድ ሌሊት ይጠፋል፤ አቤት የሚባልበት የለም። ከላይ የሠራነው ሒሳብ አንድ ጊዜ ሁሉን ማጣትን ሊሸከም አይችልም፤ የ3,000 ብር ትርፍ የተወረሰ 14,500 ብርን ለመተካት አምስት ዙር ሙሉ ይፈልጋል።

ንጹሕ ምንጭ ሞልቷል። እዚሁ አገር የተለበሰ ልብስ አለ። ልዋጮች በየሰፈሩ እየዞሩ በሳህንና በጆግ የሚለውጡትን ልብስ ከእነሱ መርጦ መግዛት ይቻላል። ቤት የሚለቁ፣ አገር የሚቀይሩ ቤተሰቦች አሉ። ከሁሉ በላይ ግን ወሎ ውስጥ ከሳዑዲ፣ ከዱባይ፣ ከቤይሩት የተመለሱ እህቶች አሉ። ሻንጣቸው ውስጥ አንድ ሁለቴ የተለበሰ፣ አንዳንዴም ከነወረቀቱ ያለ አባያ፣ የልጅ ልብስ፣ ሽቶና ቦርሳ ይገኛል። አባያ ከኢድ በፊት ባሉት ሳምንታት ጥሩ ዋጋ ያወጣል።

እዚህ ላይ አደራ አለኝ። ተመላሿ ብዙ ጊዜ የምትሸጠው ቸግሯት ነው። ገንዘብ ጥብቅ ብሎባት ሳለ የ3,000 ብር አባያ በ500 መጨበጥ ቀላል ነው። አታድርጉት። ሌላው መንገድ ለሁለቱም ይሻላል፤ ልብሱን በአደራ ተቀበሉ፣ ስትሸጡ ከዋጋው ተስማምታችሁ ድርሻችሁን ውሰዱ፣ የቀረውን ስጧት። ዋና ገንዘብ አይጠይቅም። ሳይሸጥ ቢቀር የሚታሰር ብር የለም፤ ልብሱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አሠራር አላውቅም። ደሴ ደግሞ ሰው ለሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ አንዷ ካመነቻችሁ አምስት ጓደኞቿን ትልካለች።

ከየቤቱ ዕቃ የሚገዛ ሰው አንድ ቀን አሮጌ ነገር ያጋጥመዋል። ጠገራ ብር ከሆነ ላዩ ላይ ያለው 1780 አያታላችሁ። መልኳ የተቀረጸበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተቀረጸውም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይይዛል። መመዘን ነው የሚበጀው፤ ትክክለኛው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ 83 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። የብራና መጽሐፍ፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀል፣ የመስጊድ ጥንታዊ ጽሑፍ ከሆነ ግን እጃችሁን አንሱ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጅየም ድረስ ሄዶ ነበር፤ የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለ ስርቆት የሚኖረው ገዢ ስላለ ነው። ስልክና ቴሌቪዥን ሲመጣላችሁም ደረሰኝና መታወቂያ ጠይቁ፤ በ2014ቱ ጦርነት ስንት ቤት እንደተዘረፈ የወሎ ሰው አይረሳውም።

በቴሌግራምና በቲክቶክ ለምትሸጡ ጥቂት ነገር ልጨምር። የልብሱን ልክ በሳንቲሜትር ጻፉ፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ርዝመት። የአሜሪካው «ሚዲየም» እዚህ ሰው ላይ ሰፊ ይሆናል፤ የጫማ ቁጥርም በአውሮፓ 42 የተባለው በእንግሊዝ 8 ነው። ፎቶውን ጠዋት መስኮት አጠገብ አንሱት። ጉድለት ካለ ጉድለቱን ለይታችሁ አሳዩ፤ ወልዲያ ያለ ገዢ ዕቃውን ተቀብሎ ከሚመልስ ቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል። ክፍያ በቴሌብር ሲሆን የስክሪን ሾት አትቀበሉ፤ ገንዘቡ የራሳችሁ ሒሳብ ውስጥ መግባቱን እዩ። ከዚያ ዕቃውን በመኪና ስትልኩ የሹፌሩን ስልክና የታርጋውን ቁጥር ለገዢው ወዲያው ላኩለት፤ የትራንስፖርቱን ማን እንደሚከፍልም ከመጫኑ በፊት ተስማሙ።